መብራቱ ነው

የልኩ ሚስት ባሏ ሳይነቃ ተነስታ፣ መቀርቀሪያው ድምፅ እንዳያሰማ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ በሩን ከፈተችና፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ ባሏ ማታ የሰፋውን ሱሪ መተርተር ጀመረች። ከመንገድ ለሚያያት የገዛ ቤቷን የምትሰርቅ ሌባ ትመስላለች። ዓይኗ ሱሪው ላይ፣ ጆሮዋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ነው። የእግሩ እጥፋት በጥቁር ክር መሰፋት ሲገባው ግማሹ በጥቁር፣ ግማሹ በቡናማ ተሰፍቷል፤ ስፌቱም ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ መሃል ላይ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ወጣ ይልና ተመልሶ መንገዱን ይይዛል። በጠዋት ብርሃን ጥቁሩ ጥቁር፣ ቡናማው ቡናማ ነው፤ የሚያከራክር ነገር የለውም። ክሩን በመርፌ ጫፍ እያነሳች ሳበችው፤ የተተረተረውንም ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ብትጥለው ባሏ ያገኘዋል። ከዚያ የተጣመመውን እያቀናች፣ በዚያው እርምጃ፣ የእሱን እጅ እያስመሰለች እንደገና ሰፋችው። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው።

ባሏን ሰፈሩ ልኩ ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን ጋሼ ይጨመርበታል። ደንበኛ "እስቲ ትንሽ ሰፋ ብታደርገው" ወይም "ትንሽ ብታሳጥረው" ሲለው፣ ልብሱን ከትከሻ እስከ ጫፍ በእጁ ዳበስ ያደርግና "ልኩ ይኼ ነው" ይላል እንጂ ሌላ መልስ አያውቅም። የሚያናድደው ደግሞ እውነትም ልክ መሆኑ ነው። ለሚስቱ ስም ያወጣላት የለም፤ የልኩ ሚስት ናት፣ አለቀ። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፤ እሷ ገበር ትይዛለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። የሚሠሩበት ክፍል ድሮ እንግዳ መቀበያቸው ነበር፤ አሁን እንግዳ ሲመጣ አልጋ ላይ ነው የሚቀመጠው። መሃሉን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል፤ ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ ግን ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ወዲህ መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ስለሆነ፣ ቀንም ማታም የሚሠራው ኮርኒሱ ላይ በተንጠለጠለው ረዥም ፍሎረሰንት ነው። እሱም ሽማግሌ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑት ሲያቅማማ፣ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ ነው የሚበራ፤ ከበራም በኋላ ቀኑን ሙሉ እዝዝዝ ይላል። ሁለቱም ጫፎቹ ጠቁረዋል፤ ብርሃኑም አረንጓዴ ይሁን ግራጫ ያልለየለት ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ደንበኛ ኮቱን ይዞ ተመልሶ "ጋሼ፣ ይሄ ኪስ ምነው በቡናማ ክር ተሰፋ?" ያለ ዕለት ነው። ልኩ ኮቱን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው። ጆሮው ሲቀላ ያየችው ሚስቱ አላስችል አላትና ከወዲያ ሆና "መብራቱ ነው!" አለች። "ይሄ የተረገመ መብራት እኮ ቀለም አይለይም።" ደንበኛው ቀና ብሎ አምፖሉን አየና "እውነትም" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ለሚጣመም ስፌት፣ ለሚሳሳት ክር፣ ለሚወድቅ መርፌ ሁሉ ጥፋተኛው አንድ ሆነ። ልኩ ራሱ መብራቱን እንደ ክፉ ጎረቤት ያማው ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምሳ ላይ፣ "ዓይንህን ብትታይስ?" አለችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። በወጣትነቱ ሥራ ያስተማረው ልብስ ሰፊ፣ ዓይኑን ሊታከም ሄደ ተብሎ በተወራ በወሩ፣ ደጁን የሚረግጥ ደንበኛ ጠፍቶ ስፌት መኪናውን ሸጦ ነው የሞተው። "ሰፊ እግሩን ይታመም፣ ወገቡን ይታመም" አላት። "ዓይኑን ታመመ ከተባለ ግን ጨርቁን የሚያምነው የለም።" ከዚያ ለቀናት አኮረፋት። እሷም ሁለተኛ አላነሳችውም፤ ይልቅ በማለዳ መነሳት ጀመረች።

ሱሪውን አጣጥፋ ቦታው መልሳ ሻይ ጣደች። ልኩ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ለክት የሚያስቀምጠውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር የደበቀ ልጅ ፈገግታ አለ። ምን ተገኘ ብትለው "እንግዳ አለሽ" አላት። "ልጅሽና ባሏ ሊመጡ ነው። መብራቱን ሊቀይሩልን!"

የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆመች። መጀመሪያ የመጣላት ዋጋው ነበርና እሱን አነሳች። ልኩ ሳቀባት፤ አማች የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ሳለ ለመግጠሚያ ማን ይከፍላል? አምፖሉንም ልጅቷ ገዝታዋለች። ኤልኢዲ ነው የሚባለው፤ ድሮ ዋጋው አይቀመስም ነበር፣ አሁን ከአንድ ኪሎ ስኳር ብዙም አይበልጥም፣ የሚበላውም ኃይል የዚህን ግማሽ አይሞላም። ሁሉንም በስልክ ተነግሮት በቃሉ ይዞታል። ሚስቱ "ያለውስ ምን ሆነ? ይበራ የለም እንዴ?" አለች።

"ሴትዮ! መብራቱ ነው፣ መብራቱ ነው ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?"

አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ልኩ ሻዩን እያማሰለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገራት። መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት የሚያየው አበሳ፣ ጠመኔው ያሰመረውን መስመር ለማግኘት ጨርቁ ላይ መደፋቱ፣ ሁሉም ከዚያ ጭጋግ የተነሳ እንደሆነ፣ ዛሬ ከዚያ ጭጋግ ሊገላገል እንደሆነ። ጭጋጉ የት እንዳለ ግን እሷ ታውቃለች። የቀኝ ዓይኑ ብሌን ላይ ወተት ጠብ ያለበት የመሰለ ነገር አለ፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኗን ሻዩ ላይ ተከለች። አንጀቷን የበላት መታመሙ ሳይሆን ተስፋው ነው። ሰው መድኃኒት ሊመጣለት ነው ብሎ እንዲህ ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲጠብቅ፣ የሚመጣው መድኃኒት የሌላ በሽታ መሆኑን እንዴት ተብሎ ይነገረዋል?

ይህ ሳያንስ ኮት አለ። ሰፈሩ ውስጥ የሚኖር አንድ ጡረተኛ ሹፌር እሑድ ልጁን ይድራል፤ ለሱ የተሰፋው ጥቁር ኮት ግድግዳው ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። የልኩ ሚስት ታማ የሰነበተች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ባደረችበት ጊዜ ነው ልኩ ብቻውን ቆርጦ፣ ብቻውን ሰፍቶ፣ ብቻውን ተኩሶ የጨረሰው። ላስቲኩን ልትገልጥ እጇን ስትሰድ ከኋላዋ "እንዳትነኪው!" አላት። "እሱ በአዲሱ መብራት ነው የሚገለጠው። የምረቃው ኮት ነው።" ሹፌሩ ከሰዓት መጥቶ ይወስደዋል ተብሏል። ልኩ ይህን ብሎ ተመልሶ ተቀመጠና መቁረጫ ጠረጴዛውን በእጁ መዳፍ ይጠርገው ጀመር፤ ምንም አቧራ የለበትም።

ዳቦ ልትገዛ ነው ብላ ወጣች። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ከሞባይል ጥገናው ደጃፍ ላይ ቆማ ለልጇ ደወለች። ዛሬ እንዳይመጡ፣ ቤቱ እንዳልጸዳ፣ ወገቧን እንዳመማት፣ የመጣላትን ሁሉ ደረደረችው። ልጅቷ ሳቀችባት። "እማዬ፣ ታክሲ ውስጥ ነን እኮ። ወገብሽን ካመመሽ ተኚ፤ መሰላሉ ላይ የምትወጪው አንቺ አይደለሽ።" ዳቦ ሻጩ ስንት ልስጥሽ ብሎ ሁለቴ እስኪጠይቃት ድረስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነበር። የዳቦው ዋጋ ከባለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሳትነዘንዘው አትሄድም ነበር። ዛሬ ከፍላ፣ መልሷንም ሳታይ ተቀብላ፣ ቀስ ብላ ወደ ቤት ተመለሰች። ብትዘገይ መብራቱ የሚዘገይላት ይመስል በየሱቁ መስታወት ፊት እየቆመች ነበር የምትሄደው።

ስትደርስ አማቿ ከጎረቤት በተዋሱት መሰላል ላይ ወጥቷል። ቀልደኛ ነው፤ ክፋት የለውም፤ ከአፉ የሚወጣውን ግን እሱም ከሰማው በኋላ ነው የሚያውቀው። ልጅቷ ከታች ካቻቪቴና ፒንሳ ታቀብላለች። ቆጣሪው ጠፍቶ ክፍሉ ጨልሟል፤ ከክፍቱ በር በሚገባው ብርሃን ነው የሚሠሩት። ሚስትየዋ መሰላሉን ያዘች፤ አማቿ እንዳይወድቅ ይሁን ወይ እንዳይጨርስ ለራሷም አልገባትም። ልኩ ወንበሩን ወደ መሃል ስቦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀና ብሎ ያዳምጣል። አማቹ ረዥሙን አምፖል ነቅሎ አወረደ፤ ቀጥሎ ሽፋኑን ፈታና እንደ ጡብ የከበደ ጥቁር ብረት አወጣ።

"አባባ፣ ይሄ ባላስት ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። ጡረታውን እናክብርለት" አለ። "እዝ ይል የነበረው እሱ ነው። አዲሱ ይሄን አይፈልግም፤ ገመዱን በቀጥታ ነው የምሰጠው። አሮጌው፣ ዓይን አያውቀውም እንጂ፣ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ነው የሚል። የሰው ዓይን የሚያደክመውም እሱ ነው።"

"ሰማሽ?" አለ ልኩ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "ዓይን የሚያደክመው እሱ ነው!"

"ሰማሁ" አለች። ልኩ መሳቅ ጀመረ፤ ደስታው ከወንበሩ ሊያስነሳው ምንም አልቀረው። ልጅቷም አባቷን አይታ ሳቀች። መሰላሉን የያዘችው ብቻ ናት ያልሳቀችው። አማቹ የገመዱን መጋጠሚያ በናስትሮ ጠቅልሎ፣ አዲሱን ነጭ ዘንግ ቦታው ላይ ጠምዝዞ አስገብቶ፣ ወርዶ ቆጣሪውን መለሰ። ማብሪያውን ማን ይጫን በሚል ትንሽ ግብዣ ሆነና በመጨረሻ ለቤቱ ጌታ ተተወ። ልኩ ግድግዳውን በእጁ ዳብሶ ማብሪያውን አገኘ።

ማቅማማት የሚባል ነገር የለም። ጠቅ ሲል በራ። ያን ያህል ዓመት የኖሩበት ክፍል በአንድ ጊዜ የሌላ ሰው ቤት ሆነ። ግድግዳው ለካ ከላይ ነጭ፣ ከወገቡ በታች ቢጫ ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የወደቁ መርፌዎች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ካውያ ያሳረረው ቦታ አፍጥጦ ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ ያለው አቧራ ሚስትየዋን አሳፈራት። ከሁሉ የገረማቸው ግን ጸጥታው ነው። እዝዝታው ሲቆም ሁሉም የየራሱ ትንፋሽ ተሰማው። ልኩ ቀና ብሎ አንዴ አየና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ከለለ። "ትንሽ ያንፀባርቃል" አለ። "እስክለምደው ነው።" ከዚያ ፈጠን ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የኮቱን ላስቲክ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ገፈፈው።

ኮቱ በእንጨት መስቀያው ላይ ትከሻውን ዘርግቶ ታየ። ኮሌታው ለጥ ብሎ ተኝቷል፣ ኪሶቹ እኩል ናቸው፣ ደረቱ የልኩ እጅ እንደሚያወጣው ሙሉ ነው። ጥቁር ነው። ግራ እጅጌው ግን ጥቁር ሰማያዊ ነው። ለመጠራጠር ቦታ የሚሰጥ አልነበረም፤ ከትከሻው ስፌት ጀምሮ እስከ አንጓው ድረስ ሌላ ጨርቅ ነው፤ ባለፈው ወር ለሌላ ሰው ከተሰፋው ሱሪ የተረፈ። የልኩ ሚስት ጨርቁን አወቀችው። በአሮጌው መብራት ሁለቱ እንደ መንታ ነበሩ። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። አማቹ አፉን ከፍቶ "አባባ፣ እጅጌው እንዲህ..." ብሎ ሲጀምር ልጅቷ እግሩን ረገጠችው፤ ቀሪውን ዋጠው።

"አያችሁ?" አለ ልኩ፣ ኮቱን በእጁ ጀርባ እየደባበሰ። "ጥቁር ማለት እንዲህ ነው። ብርሃን ሲያገኝ ነው ጨርቅ የሚታወቀው። ምነው ዝም አላችሁ?"

"ያምራል" አለች ሚስቱ። ከአፏ ቀድሞ የወጣው የለመደችው ነው። "እንከን አይወጣለትም።" ልኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱን ወደ ኮቱ አዙሮ ስለነበር ምን እንዳሰበ አላየችም። ቁልፉ የላላ መስሎኛል፣ እስኪ ወዲያ ልውሰደው አለችው። እሱ ግን "እኔ አይቼዋለሁ፣ አልላላም" ብሎ እዚያው ተወው። ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ልጇም ተከትላት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው።

ጓዳው ሁለት ሰው ከያዘ ለሦስተኛ አይበቃም። ልጅቷ በሹክሹክታ ጀመረች፤ ሹክሹክታ ሲናደድ ከጩኸት ይብሳል። "ስንት ጊዜ ነው በስልክ 'አባትሽን መብራቱ አስቸገረው' ያልሽኝ? ሐኪም ቤት ልውሰደው ስል መብራት ነው ያልሽኝ አንቺ። እኔ ለዓይኑ አምፖል ገዛሁለት፤ ታውቂያለሽ?" እናትየው ስኳሩን ትፈልጋለች፤ ስኳሩ ከፊቷ ነው። "አንቺ ንገሪው እንግዲያው" አለቻት። ልጅቷ ወደ በሩ አየች። በስንጥቁ በኩል አባቷ በነጭ ሸሚዙ ከአዲሱ መብራት ሥር ተቀምጦ፣ አማቹ ስለ መብራቱ የሚያወራውን እያዳመጠ ይታያል። ልጅቷ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ታጥብ ጀመር፤ ታጥበው የተቀመጡ ብርጭቆዎች ናቸው። ማሰሮውን የሚገልጥ ሰው ጠፍቶ ሁለቱም ክዳኑን ይዘው የቆሙ መሰሉ። ከዚያ አማቹ መሰላሉን ሊመልስ ወጣ፤ ልጅቷም ከሱ ጋር ወጣች። ለአባቷ ከመንገር ሸሽታ እንደሆነ እናትየው አወቀች፤ አልፈረደችባትምም። እሷም ዓመት ሙሉ ስትሸሽ ነው የከረመችው።

ሻዩን ይዛ ስትገባ ልኩ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። መርፌ በአንድ እጁ፣ ክር በሌላው ይዞ፣ ሁለቱንም ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ነበር። ክሩን በምላሱ ያረጥበዋል፣ በጣቱ ያሾለዋል፣ ይሰደዋል፤ ክሩ በመርፌው ጎን ያልፋል። ይመልሰዋል። እንደገና ያረጥበዋል። ሻዩን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። እንዳላየች ሆና ልትመለስ አንድ እግሯን ስታነሳ፣ ሳይዞር ጠራት።

"መብራቱ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"በደንብ ይታያል?"

"ይታያል።"

"ላንቺ?"

"ለኔ" አለች።

ልኩ እጆቹን ወደ ጭኑ አወረደ። "እንግዲያው መብራቱ አይደለም" አለ።

ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ሄደች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም፤ ስለዚህ ከቅርቡ ጀመረች። ኮቱን ከግድግዳው አውርዳ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት፣ እጁን ይዛ ግራ እጅጌው ላይ አኖረችው። "ይሄ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም" አለችው። "ሰማያዊ ነው። ለዚያ ለሱሪው ሰውዬ ከቆረጥከው የተረፈው ነው።" ልኩ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሃል ይዞ አሸው። ቀኙንም ያዘና አሸው። እንደገና ግራውን። "ውፍረቱ አንድ ነው" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። "ጣቴ ሊያውቀው አይችልም።" ከዚያ ጠየቃት። "ሌሎቹስ?"

"የትኞቹ?"

"ማታ ማታ የምሰፋቸው።"

"ጠዋት ጠዋት እተረትራቸዋለሁ" አለች። ይህን ስትል እንባዋ መጣ። "አንተ ሳትነሳ።"

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ልኩ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በወደደች። ኮቱን ጭኑ ላይ እንደያዘ መሬት መሬት አየ። "እኔ እኮ" አለ፣ "ማታ እጄ ሲሳሳት ይታወቀኛል። ስፌቱ ከእጄ ሲያመልጥ ይሰማኛል። ጠዋት ተነስቼ በጣቴ ስሄድበት ግን ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ፍርሃቴ ነው እንጂ እጄስ አልከዳኝም እል ነበር። በየጠዋቱ እንደዚያ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።"

ይህን አላሰበችውም ነበር። ልብሱን ከደንበኛ የምታድን፣ ስሙን ከሰፈር የምታድን መስሏት ስትተረትር፣ ሰውየውን ከገዛ ማስተዋሉ ስትሰርቀው ከርማለች። መሬቱ ላይ፣ ሻዩ አጠገብ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ አይደለም፣ ግን መደበቅም አልፈለገችም። ልኩ እጁን ዘርግቶ ራሷን ፈልጎ አገኘው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ልጃቸውና አማቻቸው ተመልሰው በሩ ላይ ሲቆሙ እንዲያ እንደተቀመጡ አገኟቸው፤ ልጅቷ ልትገባ ስትል ባሏ ክንዷን ያዛት።

ሹፌሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ድምፁ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርስ ዓይነት ሰው ነው፤ ወፍራም መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆዱ ጋር ይወዛወዛል። "ኧረ ይሄ ምን ብርሃን ነው! ሆስፒታል ከፈታችሁ እንዴ?" እያለ ገባ። ሚስትየዋ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ተነሳች። ልጅቷ ፈጠን ብላ ሻይ ላቅርብ አለች። ሁሉም ሰው አንድ አንድ ሥራ አገኘ፤ ልኩ ብቻ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ነው። የልኩ ሚስት ልማዷ ነውና አሁንም ቀድማ ልትናገር፣ ኮቱ ቁልፍ ይቀረዋል ልትል አፏን ከፈተች። ባሏ እጁን አነሳ።

"አልደረሰም" አለ ለሹፌሩ። "አንዱን እጅጌ ከሌላ ጨርቅ ነው የቆረጥኩት። ግራው ሰማያዊ ነው።"

"ሰማያዊ?" ሹፌሩ ኮቱን ተቀበለና ወደ መብራቱ አነሳው። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠርጎ እንደገና አደረገ። ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን ይዞ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ከዚያ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ ቀልደኛ ሆነሃል በስተርጅና። አንድ ናቸው እኮ! ጥቁር ነው፣ ጥቁር ነው። ስጠኝ ባክህ፣ ሰርጉ እሑድ ነው፤ የሙሽራ አባት እጅጌ ማን ያያል?" ኮቱን ደርቦ ክንዱን ዘረጋ፤ ትከሻው ላይ ልክ ነበር፣ ወገቡ ላይ ልክ ነበር፣ ርዝመቱም ልክ ነበር። አማቹ ወደ ሚስቱ አየ። የልኩ ሚስት ወደ ባሏ አየች። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ሰውየው ረክቷል፣ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰዷል፣ ነገ ሰፈሩ ውስጥ ጋሼ ልኩ እንዴት ያለ ኮት ሰፋልኝ እያለ ይዞራል። ልኩ ተነሳ። እየዳበሰ ወደ ሹፌሩ ቀረበና የግራ እጅጌውን ጫፍ ያዘ።

"እኔም አይታየኝም" አለ። "ለዚህ ነው ይሄን ያደረግኩት። እሷ ግን ይታያታል። አውልቀው፤ እሷ ትቆርጠዋለች።"

ሹፌሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ቆየና ለሴትየዋ ሰጣት። ተቀበለችው። "ነገ አይመቸንም" አለችው። "ጠዋት ዓይኑን ሊታይ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ከነገ ወዲያ ይምጡ፣ ይደርስልዎታል።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ለደንበኛ ቀጠሮ የሚሰጠው አንድ ሰው ነው፤ ሐኪም ቤት የሚለውን ቃል በደንበኛ ፊት ያነሳ ደግሞ እስከ ዛሬ አልነበረም። ሁሉም ልኩን ያዩት ጀመር። ሹፌሩም "እንዴ?" በሚል ዓይን ከእሷ ወደ እሱ ዞረ። ልኩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ።

"ሰምተሃል" አለው ለሹፌሩ። "ከነገ ወዲያ ነው።"